የሚያዝያ 16 የአርመን ተማሪዎች መታሰቢያ ምንድን ነው?

አርመናውያን እ.ኤ.አ. ከ1915 ጀምሮ በኦቶማን መንግሥት የተፈጸመባቸውን የዘር ማጥፋት «ሜትስ የገርን» ይሉታል፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ታላቁ ወንጀል» እንደ ማለት ነው። ሚያዝያ 16 ቀን የዚህ መታሰቢያ ዕለት ሲሆን፣ በአርመን ዋና ከተማ በየሬቫንም ሆነ በስደት አገሮች ተማሪዎች በዝግጅቱ ጉልህ ድርሻ አላቸው። ለቅሶውን ከትምህርትና ከባህል ነጥለው አያዩትም፤ ለዚህም ምክንያቱ ያለው በዕለቱ ታሪክ ውስጥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1915 ሚያዝያ 16 ሌሊት በቁስጥንጥንያ የኦቶማን ፖሊስ ከየቤታቸው ለቅሞ ያሰራቸው ከ200 የሚበልጡ አርመናውያን ገጣሚዎች፣ ጋዜጠኞች፣ መምህራን፣ ሐኪሞች፣ ቀሳውስትና ፖለቲከኞች ነበሩ። አብዛኞቹ ወደ አናቶሊያ ተግዘው ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ በየስፍራው ሲፈጁ፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና ሽማግሌዎች በእግር ወደ ሶርያ በረሃ ተነዱ፤ በረሃብ፣ በጥምና በግድያ ያለቀው ሕዝብ እስከ 1.5 ሚሊዮን ይገመታል። ከሁሉ አስቀድሞ የተመታው የሕዝቡ አፍና ብዕር ስለሆነ፣ ተማሪው በዕለቱ የሚያነበው ግጥምና የሚያሰማው ዜማ የመታሰቢያው ፍሬ ነገር እንጂ የመድረክ ማድመቂያ ሊባል አይችልም።

ከታሰሩት አንዱ መነኩሴውና የዜማ ሊቁ ኮሚታስ ነበር። ከመንደር መንደር እየዞረ ገበሬው በእርሻና በሠርግ ላይ የሚዘፍናቸውን በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖች በኖታ የጻፈ ሰው ነው። ከግዞት ቢመለስም አእምሮው ታውኮ፣ ኋለኛውን ዘመኑን በሕክምና ተቋም አሳልፎ እ.ኤ.አ. በ1935 ፓሪስ ውስጥ አረፈ። የእርሱን ዜማ ሰምቶ «ይህ ሰው መጨረሻው ምን ሆነ?» ብሎ የጠየቀ አድማጭ ረጅም ንግግር አያስፈልገውም፤ ትምህርቱ በዚያው ተጀምሯል።

ተማሪው በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀድሞም ስፍራ ነበረው። ሃምሳኛው ዓመት በደረሰበት በ1965 እ.ኤ.አ.፣ በሶቪየት አገዛዝ ሥር ያለ ፈቃድ አደባባይ መውጣት ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ ብዙ ተማሪዎች የነበሩበት ወደ 100,000 የሚገመት ሕዝብ በየሬቫን ሰልፍ ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ በጺጸርናካበርድ ኮረብታ ላይ መታሰቢያ ሐውልቱ ተመረቀ። ወደ ውስጥ ባዘነበሉ 12 ትላልቅ ድንጋዮች መካከል እሳት ይነዳል፤ ወደ እሳቱ የሚያወርደው ደረጃ ቁልቁል ስለሆነ ጎብኚው እግሩን ለማየት ሲል አንገቱን ደፍቶ ይገባል። በዋዜማው ምሽት ተማሪዎችና ወጣቶች ችቦ ይዘው ወደዚሁ ኮረብታ ይጓዛሉ፤ በማግስቱ ሕዝቡ አበባውን በእሳቱ ዙሪያ ይከምራል።

በስደት አገሮች ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። የሬቫን ላይ ታሪኩን የማያውቅ ሰው የለም፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ግን አብዛኛው አላፊ አግዳሚ ሰምቶት አያውቅም። ስለዚህ አርመናውያን ተማሪዎች አፋቸውን በፕላስተር ዘግተው፣ ጽሑፍ ይዘው ያለ አንዳች ድምፅ ይቆማሉ። የተዘጋው አፍ የሚያመለክተው ክህደቱን ነው፤ የቱርክ መንግሥት እልቂቱ በጦርነት ጊዜ የደረሰ ነው እያለ «የዘር ማጥፋት» የሚለውን ስም እስከ ዛሬ አይቀበልም፤ የአሜሪካ ፕሬዚዳንትም ቃሉን በመታሰቢያው ዕለት መግለጫ ያሰፈሩት እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በእኔ ግምት ይህ ዝምታ ባለ ሥልጣናት ከሚደረድሩት ንግግር ሁሉ ይበልጥ ያስተምራል፤ ቆሞ ያነበበ ሰው ጥያቄ ይዞ ይሄዳልና።

የአማርኛ አንባቢ ለዚህ ታሪክ ባዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም የተጠለሉ፣ ወላጆቻቸው በእልቂቱ ያለቁባቸው ልጆች የነሐስ ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰምተው አርባውን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ «አርባ ልጆች» የተባሉት እነርሱ ናቸው። አብሯቸው የመጣው የሙዚቃ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ደግሞ «ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ» የሚለውን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ፤ እስከ አብዮቱ ድረስ የኢትዮጵያ ተማሪ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል የዘመረው ይህንኑ ነበር።