ስለ አሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ የሚነገሩ ስህተቶችና እውነታው

ስለ አሜሪካ ኢሚግሬሽን ታሪክ በተወራ ቁጥር እነዚሁ አባባሎች ይመላለሳሉ። አንዳንዶቹ በሁለት መስመር ይታረማሉ፤ አንዱ ግን ቁጭ ብሎ ማስላት ይጠይቃል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ድሮ በሩ ለሁሉም ክፍት ነበር፤ ወረቀት ጠያቂው የዛሬው ሕግ ነው።»

ክፍት የነበረው በዋናነት ለአውሮፓውያን ነው። የ1882ቱ ሕግ ቻይናውያን የጉልበት ሠራተኞችን ለ10 ዓመት አገደ፤ ነጋዴ፣ ተማሪና መምህር ግን መግባት ይችሉ ነበር። በ1888 ደግሞ አገራቸውን ለማየት የሄዱ ሠራተኞች የያዙት የመመለሻ ወረቀት በአዋጅ ተሰረዘ። ቻይ ቻን ፒንግ የተባለ ሠራተኛ ወረቀቱን ይዞ ሳን ፍራንሲስኮ ወደብ የደረሰው አዋጁ በወጣ በሳምንቱ ነበር። መርከቡ ላይ ሳለ ዋጋ ያጣ ወረቀት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ1889 ፈረደበት። በ1892 ቻይናውያን ሠራተኞች የመኖሪያ የምስክር ወረቀት እንዲያወጡ ተገደዱ፤ በወቅቱ ያላወጣ ሰው በቂ ምክንያት ቢኖረው እንኳ ነዋሪነቱን የሚመሰክርለት ቢያንስ አንድ ነጭ ማቅረብ ነበረበት።

«አፍሪካዊ ዜግነት እንዳያገኝ በሕግ ተከልክሎ ነበር።»

ከ1870 ጀምሮ አልተከለከለም። ያን ጊዜ ከውጭ መጥቶ ዜግነት ማግኘት የሚችለው ነጭ ወይም የአፍሪካ ተወላጅ ብቻ ስለነበር የተከለከሉት እስያውያን ናቸው። ጃፓናዊው ኦዛዋ በ1922፣ ህንዳዊው ቲንድ በ1923 ነጭ አይደላችሁም ተብለው ተመልሰዋል።

«የ1924ቱ ሕግ በዘር አልለየም፤ ኢትዮጵያ እንኳ 100 ኮታ ነበራት።»

ብዙ ያነበቡ ሰዎች ጭምር የሚሉት ይህንን ነው፤ እጅግ የሚጎዳውም ይኸው ነው። ሕጉ በመጀመሪያ ዜግነት ሊያገኝ የማይችል ሰው አይገባም አለ። ጃፓን የሚል ቃል ሳይጻፍ ጃፓናውያን ተዘጋባቸው።

ቀጥሎ ሂሳቡ ይመጣል። የአንድ አገር ኮታ፣ ማለትም ከዚያ አገር በዓመት መግባት የሚፈቀድለት ሰው ብዛት፣ የሚወጣው እንዲህ ነበር፦ የሕዝብ ቆጠራ ይመረጣል፤ በዚያ ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ የተገኙ የዚያ አገር ተወላጆች ይቆጠራሉ፤ 2 በመቶው ይወሰዳል፤ ውጤቱ ከ100 ካነሰ 100 ይሞላል። ተንኮሉ ያለው በቆጠራው ምርጫ ላይ ነው። የ1921ዱ ሕግ የ1910ን ቆጠራ ይዞ 3 በመቶ ይሰጥ ነበር። በ1924 የ1920 ቆጠራ ተጠናቅቆ በእጅ ላይ እያለ ሕግ አውጪዎቹ ወደ 1890 ተመለሱ፤ ያኔ ጣሊያኖች፣ ግሪኮችና የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዶች ገና በብዛት አልገቡም ነበርና። የጣሊያን ኮታ ከ42,057 ወደ 3,845 ወረደ። ጀርመን 51,227 አገኘች። ግሪክ የደረሳት 100 ነው፤ ከኢትዮጵያ እኩል። ስለዚህ 100 ስጦታ አይደለም፣ ቀመሩ ባዶ ሲሆን የሚሞላ ወለል ነው።

በ1929 ሥራ ላይ የዋለው ቀመር ይብሳል። ወደ 150,000 የሚጠጋ ኮታ በ1920 በነበረው ነዋሪ የዘር ምንጭ ይከፋፈል ተባለ። ከነዋሪው ውስጥ ግን በባርነት የመጡ ሰዎች ዘሮች እንዳይቆጠሩ ሕጉ በግልጽ ደነገገ። በዚያ ቆጠራ ከ10 ሚሊዮን በላይ ጥቁሮች ነበሩ። ቢቆጠሩ ከኮታው የእነሱ ድርሻ ለአፍሪካ ይደርስ ነበር፤ ሳይቆጠሩ ቀሩና ብሪታኒያ 65,721 ያዘች።

ስለዚህ የኢሚግሬሽን ሕግ ስታነቡ የሕዝብ ስም አትፈልጉ። የትኛው ዓመት መነሻ ሆነ? ማን ከቆጠራው ወጣ? ትርፉ ለማን ደረሰ? እነዚህን ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ያለው ሕጉ የቃላቱን ፍቺ በሚሰጥበት የትርጓሜ አንቀጽ ውስጥ ነው፤ መግቢያውን ብቻ ያነበበ አያገኘውም።

«በ1965 ሁሉም እኩል ሆነ።»

በትውልድ አገር የሚሰላው ኮታ ቀርቷል። ነገር ግን አብዛኛው ቪዛ አሜሪካ ውስጥ ዘመድ ላለው የተያዘ ነበር። 40 ዓመት ሙሉ ተዘግቶበት የቆየ አህጉር አመልካች ዘመድ ከየት ያመጣል?

«ዲቪ ለአፍሪካ ታስቦ የወጣ ነው፤ ብዙ ሰው ከደረሰው ደግሞ ኢትዮጵያ ትሰረዛለች።»

ሁለቱም ስህተት ነው። በ1990 ሕግ መሠረት ከ1992 እስከ 1994 በየዓመቱ 40,000 ቪዛ ተመድቦ ቢያንስ 40 በመቶው ቀደም ባለው ፕሮግራም ብዙ ቪዛ ላገኘች አገር ይሰጥ ተባለ። ያቺ አገር አየርላንድ ነበረች፤ ስሟ ግን አልተጻፈም። ቋሚው ዲቪ በ1995 ሲጀምር የአፍሪካ ድርሻ የሰፋው በቀደሙት ዓመታት ጥቂት አፍሪካውያን በመግባታቸው ነው። አንድ አገር የሚወጣው በአምስት ዓመት ከ50,000 በላይ ሰው በቤተሰብና በሥራ ቪዛ ሲያስገባ ነው፤ ናይጄሪያ ከዲቪ 2015 የወጣችው በዚህ ነው። በዲቪ የገባም፣ በስደተኝነት የገባም በዚህ ቁጥር ውስጥ አይደመርም።