ሰሜን ኮሪያን መጎብኘት፦ ያለ አስጎብኚ አንድ እርምጃ የለም

ሰሜን ኮሪያ የገባ ቱሪስት ከሆቴሉ ግቢ ወጥቶ ብቻውን ውሃ እንኳ መግዛት አይችልም። ሻንጣ አዝሎ ድንበር መሻገር፣ ደስ ባለ ከተማ ሁለት ሦስት ቀን መክረም፣ ቲኬት ቆርጦ ወዳሻው መሄድ የሚባል ነገር አይታሰብም። የትኛው ቀን የት እንደሚዋል፣ ምሳ የት እንደሚበላ፣ የትኛው ሐውልት ፊት እንደሚቆም ቪዛው ሳይወጣ ተጽፎ ያልቃል። ለጎብኚው የሚቀረው ከፍሎ መምጣት ነው።

በግል ቪዛ ጠይቆ መሄድም አይቻልም። መንገዱ የጉዞ ወኪል ነው። ከወኪሎቹ በስም የታወቀው ኮርዮ ቱርስ ቤጂንግ ውስጥ በ1993 ተቋቋመ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ወኪሉ ሰው ይሰበስባል፤ ፒዮንግያንግ ያለው የመንግሥት አስጎብኚ ድርጅት ይቀበላል። ቪዛው ብዙ ጊዜ ፓስፖርት ላይ አይመታም። በተለየ ወረቀት ይሰጥና ሲወጡ ይወሰዳል። ስለዚህ ሰውየው እዚያ መሄዱን ፓስፖርቱ አይመሰክርም። የደቡብ ኮሪያ ዜጋ በዚህ መንገድ አይገባም። ጋዜጠኛም በቱሪስት ቪዛ አይፈቀድለትም። ሙያውን ደብቆ ገብቶ ቢታወቅበት ጣጣው ለወኪሉና ለአስጎብኚዎቹ ይተርፋል።

ድንበሩ በ2020 እስኪዘጋ ድረስ የተለመደው መግቢያ ከቤጂንግ በአገሪቱ አየር መንገድ በኤር ኮርዮ ወይም በባቡር ነበር። ባቡሩ አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። ዳንዶንግ ላይ የቻይናን ምድር ይለቅና ያሉ ወንዝን ተሻግሮ ሲኑይጁ ይቆማል። ፍተሻው እዚያ ነው። ሻንጣ ይከፈታል፣ መጽሐፍ ይገለጣል፣ ስልክና ካሜራ ውስጥ ያለው ፎቶ ይታያል። በተለይ የሚፈለጉት የሃይማኖት መጻሕፍትና የደቡብ ኮሪያ ፊልምና ጽሑፍ ናቸው። እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ የእጅ ስልክ መግቢያው ላይ ተወስዶ የሚመለሰው ሲወጡ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ከባለቤቱ ጋር ይገባል፤ ለውጭ ሰው የሚሸጥ ሲም ካርድም መጣ። ግን በዚያ ሲም ለአገሬው ሰው መደወል አይቻልም። መስመሩ ለየብቻ ነው።

ዋናው ነገር ግን አስጎብኚዎቹ ናቸው። ለአንድ ሰውም ቢሆን ቢያንስ ሁለት ይመደባሉ፤ ሹፌር በተጨማሪ። ለምን ሁለት? አንዱ ሌላውን እንዲጠብቅ ነው ይባላል። የጎብኚውን ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ማታ ካራኦኬ ላይ አብረው ይዘፍናሉ። ብዙ ሰው ከጉዞው ሲመለስ ከሐውልቱ ይልቅ የሚያወራው ስለ እነሱ ነው። እዚህ ላይ ነው የሥርዓቱ ብልጠት ያለው። እንግዳው ካጠፋ መጀመሪያ የሚጠየቀው አስጎብኚው ነው፤ ይህን ደግሞ ወኪሎቹ ገና ከመነሳታቸው በፊት ለተጓዦቹ ይነግራሉ። አብሮህ የበላና የሳቀ ሰው በአንተ ጥፋት እንዳይቀጣ ስትል ራስህን ትጠብቃለህ። ቱሪስቱን ከወታደር ይበልጥ አስሮ የሚይዘው ይሉኝታ ነው ቢባል ማጋነን አይመስለኝም።

ይሉኝታው ጎልቶ የሚታየው ፒዮንግያንግ ባለው ማንሱዴ ኮረብታ ላይ ነው። የአገሪቱ መሥራች የኪም ኢል ሱንግና እሱን የተካው የልጁ የኪም ጆንግ ኢል የነሐስ ሐውልቶች ከ20 ሜትር በላይ ቁመት አላቸው። የአባትየው በ1972 የቆመ ነው፤ ልጁ በ2012 ተጨመረ። ቡድኑ ይሰለፋል፣ አበባ ያስቀምጣል፣ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል። አልሰግድም የሚል ሰው መጀመሪያውኑ ባይሄድ ይሻለዋል። ፎቶ ይፈቀዳል፤ ነገር ግን ሐውልቱ ከእግር እስከ ራስ ሙሉውን መግባት አለበት፤ እግር መቁረጥ ነውር ነው። የመሪዎቹን የእጅ አኳኋን አስመስሎ ፎቶ መነሳትም አይቻልም። የመሪ ፎቶ ያለበትን ጋዜጣ ፊቱ ላይ ማጠፍ ወይም ቅርጫት ውስጥ መጣል እንደዚያው። የሁለቱ አስከሬን ባረፈበት የኩምሱሳን ቤተ መንግሥት ሕጉ ይጠብቃል። ጨዋ ልብስ ይለበሳል፣ ካሜራ ውጭ ይቀራል፣ አቧራ የሚያራግፍ ነፋስ ባለበት በር ይታለፋል። ከዚያ በእግርጌና በሁለቱ ጎን እጅ ይነሳል። በራስጌ በኩል አይደረግም።

ማረፊያው አብዛኛውን ጊዜ ያንጋክዶ ሆቴል ነው። በ1995 የተከፈተ፣ 47 ፎቅ ያለው፣ ቴዶንግ ወንዝ መሀል በሚገኝ ደሴት ላይ የተሠራ ሕንፃ ነው። ቦታው በደንብ ታስቦበታል። እንግዳው በደሴቲቱ ላይ እንደ ልቡ ይዘዋወራል፤ ድልድዩን ግን አይሻገርም። አሳንሰሩ ላይ የ5ኛ ፎቅ ቁልፍ የለም። ይህ ጉድለት ስንቱን የማወቅ ጉጉት እንደቀሰቀሰ መገመት አያቅትም።

የኦቶ ዋርምቢየር ታሪክም የጀመረው በዚሁ ሆቴል ነው። አሜሪካዊው ተማሪ በጥር 2016 አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተያዘ። ክሱ ለሠራተኞች ብቻ ከተፈቀደ ክፍል የፕሮፓጋንዳ ጽሑፍ ሊሰርቅ ሞክሯል የሚል ነበር። 15 ዓመት ከከባድ ጉልበት ሥራ ጋር ተፈረደበት። በሰኔ 2017 ራሱን እንደሳተ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በቀናት ውስጥ በ22 ዓመቱ ሞተ። ከዚያው ዓመት መስከረም ጀምሮ አሜሪካ በፓስፖርቷ ወደዚያ መጓዝን ከልክላለች። ከእሱ በፊት፣ በ2014፣ ጄፍሪ ፋውል የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ቾንግጂን ከተማ መጽሐፍ ቅዱስ ትቶ በመሄዱ ለወራት ታስሯል። ደንቡን ጠብቆ በሰላም የተመለሰው ሰው ብዙ ነው። ችግሩ ቅጣቱ ከጥፋቱ ጋር የማይመጣጠን መሆኑ ላይ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥጥር እውነተኛውንም ነገር የውሸት ያስመስለዋል። በ1973 ሥራ የጀመረው የፒዮንግያንግ ሜትሮ ከምድር በታች 100 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ለረጅም ዓመታት ለቱሪስት የሚታዩት ሁለት ጣቢያዎች ብቻ ነበሩ። ታዲያ ሌላ ጣቢያ የለም፣ ተሳፋሪዎቹም ተዋናዮች ናቸው የሚል ወሬ ተነዛ። በኋላ ሌሎቹ ጣቢያዎች ለጎብኚ ሲከፈቱ ወሬውን ውሃ በላው። ሰዎቹ ወደ ሥራቸው የሚሄዱ ተራ ሰዎች ነበሩ።

ገንዘብን በተመለከተ ቱሪስት የሚከፍለው በዩሮ፣ በቻይና ዩዋን ወይም በዶላር ነው። የአገሩ ገንዘብ ዎን ለእሱ አይደለም። ልዩ የሆነው ፒዮንግያንግ የሚገኘው የክዋንግቦክ ገበያ ማዕከል ነው። እዚያ ዎን መንዝሮ ከአገሬው ጋር ተጋፍቶ መግዛት ይቻላል፤ ያውም በገበያ ዋጋ። በይፋ አንድ ዶላር 100 ዎን ገደማ በሚባልበት ጊዜ የገበያው ዋጋ ወደ 8,000 ይጠጋ ነበር። ገንዘቡ የመንግሥት ካዝና ስለሚገባ መሄዱ ራሱ ትክክል አይደለም የሚሉ አሉ። የለም፣ አገሬው የውጭ ሰው የሚያየው በዚህ ብቻ ነው የሚሉም አሉ። እኔ ሁለቱም እውነት አላቸው ባይ ነኝ።

ድንበሩ በጥር 2020 በኮሮና ምክንያት ድርግም ብሎ ተዘጋ። ቀድመው የተመለሱት ሩሲያውያን ናቸው፤ በየካቲት 2024 የማሲክሪዮንግ የበረዶ ሸርተቴ ስፍራን ጎበኙ። በሚያዝያ 2025 የፒዮንግያንግ ማራቶን ከ6 ዓመት በኋላ ለውጭ ሯጮች ተከፈተ። በሐምሌ ደግሞ ወደ 20,000 ሰው ያስተናግዳል የተባለው የዎንሳን ካልማ የባሕር ዳርቻ መዝናኛ ሥራ ጀመረ፤ ወሩ ሳያልቅ የውጭ እንግዳ ለጊዜው አንቀበልም ተባለ። በሰሜን ምሥራቅ ያለችው ራሶንም እንዲሁ ነበረች። በየካቲት 2025 ለምዕራባውያን ቡድኖች ተከፍታ ሳምንታት ሳትቆይ ተዘጋች። ምክንያቱ አልተነገረም።