ስሞልቶክን ሲጀምሩ የሚያሳስቱ አመለካከቶችና እውነታው

ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚማር ሰው ጃቫና ፓይተን እንግዳ አይደሉም። ቁጥሩም እውነትና ሐሰቱም ሳይቀር ኦብጀክት (መረጃንና ሥራውን አብሮ የያዘ ነገር) የሆነበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ስሞልቶክ፣ ሲነሣ ግን እንዲህ ይባላል።

«ያረጀ ቋንቋ ነው።»
እርጅናው እውነት ነው። እነ አለን ኬይ፣ ዳን ኢንጋልስና አዴል ጎልድበርግ ፓርክ በተባለው የዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ማዕከል የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ፋሮ የተባለው ነፃ ዝርያው ግን እ.ኤ.አ. በ2008 ተጀምሮ ዛሬም ይታደሳል። ሥራ በቀላሉ አያስገኝም፤ ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም። ይሁንና ሩቢና ኦብጀክቲቭ ሲ ኦብጀክቶችን መልእክት እየላኩ ማሠራትን የወሰዱት ከእሱ ነው።

«ያለ ኢንተርኔት አይጠናም።»
ፋሮን አንዴ ዋይፋይ ባለበት ካወረዱ፣ ኮድ ማንበቢያውም ዲበገሩም (የስህተት መመርመሪያው) አብረው ይመጣሉ። በፍላሽ ለጓደኛ ሲሰጡ ግን ኢሜጁን (ኦብጀክቶቹን ሁሉ እንዳሉ የሚያስቀምጠውን ፋይል) ብቻ አይቅዱ፤ ኮዱ የተጻፈባቸው የቼንጅስና የሶርስስ ፋይሎቹ፣ ለኮምፒውተሩ የሚስማማው ቨርቹዋል ማሽንም (ኢሜጁን የሚያስኬደው ፕሮግራም) አብረው ይሂዱ።

«ሒሳብ የትም አንድ ነው።»
ጀማሪን በብዛት የሚጥለው ይሄ ነው። ከደጀን 5 ኩንታል ጤፍ ለማስጫን ለመኪና 300 ብር፣ ለጫኝ በኩንታል 40 ብር ተባለ እንበል። 300 + 5 * 40 ብለው ጽፈው፣ መስመሩን መርጠው ኮንትሮልና ፒ ሲጫኑ የሚወጣው 500 ሳይሆን 12200 ነው። መደመርም ማባዛትም እኩል ማዕረግ ያላቸው መልእክቶች ስለሆኑ ሥራው ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። 300 + (5 * 40) ብለው በቅንፍ ይለዩት። ምንም ተጨማሪ ዋጋ የማይዙ መልእክቶች ይቀድማሉ፣ እንደ መደመር ያሉ ምልክቶች ይከተላሉ፣ ኮለን ያለባቸው መጨረሻ ይመጣሉ።

«መብራት ከጠፋ ሥራው ሁሉ ጠፋ።»
ኮንትሮልና ኤስ ተጭነው ያስገቡት ሜተድ (ኦብጀክቱ መልእክት ሲደርሰው የሚሠራው ኮድ)፣ ኢሜጁን ሴቭ ባያደርጉትም፣ ዲስክ ላይ ይመዘገባል። መብራቱ ሲመጣ ኤፒሲያ ከሚባለው መሣሪያ መርጠው ይመልሱታል። የማይመለሱት ሜሞሪ ላይ ብቻ የነበሩት ኦብጀክቶች ናቸው። ኢሜጅ ሴቭ ማድረግን ደግሞ እንደ ባክአፕ አይቁጠሩት፤ የተበላሸውንም እንዳለ ያስቀምጠዋልና። ኮዱን አይስበርግ በተባለው የፋሮ መሣሪያ በኩል፣ የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ጊት ላይ ኮሚት ያድርጉ (ያስመዝግቡ)፤ ለዚህም ኢንተርኔት አያስፈልግም።

«ስህተት ከወጣ መስኮቱን ዘግቶ እንደገና መጀመር ነው።»
አይዝጉት። የሌለ ሜተድ ከጠሩ ዲበገሩ ክሪኤት የሚል ቁልፍ ያቀርባል። ሜተዱን እዚያው ጽፈው ፕሮሲድ ሲሉ ፕሮግራሙ ካቆመበት ይቀጥላል። አሬይ የሚቆጠረው ከ0 ሳይሆን ከ1 ስለሆነ፣ ከጃቫ የመጣ ሰው 0ኛውን ጠይቆ ይህንኑ መስኮት ቶሎ ያገኘዋል።