ሮቦት የተዝረከረከ መታጠቢያ ቤት ያስተካክላል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሰው ከቤት ሥራ ሁሉ ለማሽን አስረክቦ መገላገል የሚፈልገው አንድ ክፍል ቢኖር መታጠቢያ ቤት ነው። ወለል ላይ የተጣለ እርጥብ ፎጣ፣ ክዳኑ የጠፋ ሻምፑ፣ መስታወት ላይ የደረቀ የጥርስ ሳሙና፣ የውኃ መውረጃውን የዘጋ ፀጉር፤ ይህን ለማንሳት የሚሽቀዳደም የለም። ሰው መሰል ሮቦቶች ልብስ ሲያጥፉና ሳህን ሲደረድሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ከበዙ ወዲህ ደግሞ የመታጠቢያ ቤቱ ጣጣ ያለቀለት የመሰላቸው ሰዎች በርክተዋል። በሌላ ወገን ነገሩን ሁሉ የልጆች መጫወቻ አድርገው የሚያጣጥሉም አሉ። የሁለቱም ስሕተት ከአንድ ምንጭ የሚቀዳ ይመስለኛል፤ የሮቦቱን ሥራ የሚለኩት በራሳቸው ድካም ነው። እኛን ወገባችንን የሚቆርጠን መፈተጉ ስለሆነ ሮቦቱንም የሚፈትነው እሱ ይመስለናል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ወለል የሚጠርገው ሮቦት ትንሽ ካደገ ይበቃል»

ኤሌክትሮሉክስ ትራይሎባይት የተባለውን ጠራጊ ሮቦት በ2001 ለገበያ አቀረበ። አይሮቦት የተባለው ኩባንያ በዓመቱ ሩምባን አስከተለ። ከዚያ ወዲህ እነዚህ ክብ ማሽኖች ካርታ መሣል፣ በሌዘር ርቀት መለካት፣ የሰበሰቡትን ቆሻሻ ራሳቸው ማራገፍ ችለዋል። ወለል ላይ የተጣለን ዕቃ የሚያዩት ግን አሁንም እንደ እንቅፋት ነው። ፎጣ ሲያገኙ ወይ ይዞሩታል፣ ወይ ብሩሻቸው ውስጥ ጠቅልለውት ይቆማሉ። ጥቁር ወለል ላይ ደግሞ አንዳንዶቹ ገደል አፋፍ የደረሱ መስሏቸው ወደ ኋላ ይላሉ፤ ከሥራቸው ያለው የኢንፍራሬድ ዳሳሽ የላከው ብርሃን ጥቁሩ ላይ ተውጦ ስለሚቀር ነው። በ2025 ሮቦሮክ የተባለው ኩባንያ ተጣጣፊ ክንድ ያለው ጠራጊ ይዞ ብቅ ሲል ብዙ ተወራ። ክንዱ የሚያነሳው እስከ 300 ግራም ብቻ ነው። የገላ ፎጣ ደረቅ ሆኖ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይከብዳል።

«ከባዱ መፈተጉ ነው»

ዋናው ስሕተት ይህ ነው። መፈተግ ለማሽን የሚመች ሥራ ነው፤ ገንዳው ጠንካራ ነው፣ ከቦታው አይንቀሳቀስም፣ እንቅስቃሴውም ያው ተደጋጋሚ ነው። በፋብሪካ ያሉ የሮቦት ክንዶች ብረት ሲሞርዱና ቀለም ሲረጩ የኖሩት በዚህ ዓይነት ሥራ ላይ ነው። ሳይሰለቹ፣ ሳይደክማቸው። የሚከብደው ከመፈተጉ በፊት ያለው ነው፤ ፎጣውን ማንሳት።

የሮቦት ተመራማሪው ሃንስ ሞራቬክ ይህን በ1988 ጽፈውታል። ኮምፒውተር የአዋቂ ሰው አእምሮ በሚጠይቅ ፈተና ወይም በዳማ ጨዋታ ጎበዝ እንዲሆን ማድረግ ይቀላል፤ የአንድ ዓመት ሕፃን እንደሚያየው እንዲያይና እንደሚንቀሳቀሰው እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ግን እጅግ ይከብዳል። ታሪኩም እንዳሉት ሄደ። በ1997 ዲፕ ብሉ የተባለው ኮምፒውተር የዓለም ሻምፒዮኑን ጋሪ ካስፓሮቭን በቼዝ አሸነፈ። ፒአር2 የተባለው ሮቦት ቀድሞ አይቶት የማያውቀውን ፎጣ ያጠፈው ከዚያ 13 ዓመት ቆይቶ፣ በ2010፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሊ ቤተ ሙከራ ነው። ከ50 ሙከራ 50ውም ተሳክቶለታል። አንዱን ፎጣ ለማጠፍ የፈጀበት ጊዜ በአማካይ 25 ደቂቃ ገደማ ነበር። ያውም ደረቅ ፎጣ፣ ያውም ጠረጴዛ ላይ ቀርቦለት።

ፍጥነቱ ዛሬ ብዙ ተሻሽሏል፤ የችግሩ ጠባይ ግን ያው ነው። ብርጭቆ ከየትኛውም ወገን ቢያዝ ብርጭቆ ነው፤ ቅርጹን አንድ ጊዜ ያየ ማሽን ጀርባውንም መገመት ይችላል። ፎጣ ግን በተነካ ቁጥር ሌላ ነገር ይሆናል። አንዱ ጫፉ ሲነሳ ሌላው ይጎተታል፣ ይታጠፋል፣ ራሱን ይሸፍናል። ከረጠበ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል፣ ወለሉ ላይም ይለጠፋል። ሮቦቱ የፎጣው ጠርዝ የት እንዳለ ሲፈልግ እኛ ሰቅለን ወጥተናል።

የመዳሰስ ነገርም አለ። የሰው መዳፍና ጣቶች 17,000 ገደማ የሚሆኑ ንክኪን የሚለዩ የነርቭ መቀበያዎች አሏቸው። እርጥብ ሳሙና ከእጃችን ሊያመልጥ ሲል ጭብጣችንን የምናጠብቀው አስበን አይደለም፤ ቆዳችን መንሸራተቱን ገና ሲጀምር ስለሚነግረን ነው። የአብዛኞቹ ሮቦቶች ጣት ጎማ የለበሰ ብረት ወይም ፕላስቲክ ነው፤ ዳሳሽ ቢኖረው እንኳ ከዚህ ጋር የሚወዳደር አይደለም። ስለዚህ ሳሙናውን ወይ ይጥለዋል፣ ወይ ይጨፈልቀዋል። ተከፍቶ የተተወ የጥርስ ሳሙና ቢይዝ ምን እንደሚከተል ለአንባቢ እተወዋለሁ።

«ካሜራ አለው፤ እኛ የምናየውን ያያል»

ከቤት ክፍሎች ሁሉ ሮቦትን ለማታለል ታስቦ የተሠራ የሚመስል ክፍል ይህ ነው። ብዙ ሮቦቶች ርቀት የሚለኩት ብርሃን ልከው የተመለሰላቸውን በማየት ነው። የሻወሩ መስታወት ብርሃኑን ያሳልፈዋል፤ ሮቦቱም እዚያ ምንም የለም ይላል። የፊት መስታወቱ ብርሃኑን ወደ ሌላ ወገን ያነጥረዋል፤ ሮቦቱም ከግድግዳው ወዲያ ሌላ መታጠቢያ ቤት አግኝቶ ካርታው ላይ ያሰፍራል። የሚያብረቀርቀው ቧንቧ መልኩን በየማዕዘኑ ይለዋውጣል። እንፋሎት ሌንሱን ያለብሰዋል። ወለሉ ላይ የተዘረጋች ስስ ውኃ ለካሜራ ከደረቅ ሴራሚክ ላትለይ ትችላለች፤ በሁለት እግሩ ለሚሄድ ማሽን ግን በመቆምና በመውደቅ መካከል ያለችው እሷ ናት።

ቆሻሻውም ቢሆን በቀላሉ አይታይም። ነጭ ሴራሚክ ላይ የደረቀ የሳሙና ቅሪት እኛ እንኳ በጣት ዳሰን ነው የምናረጋግጠው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሮቦቱ ቆሻሻ ይኑር አይኑር ሳይመርጥ ሁሉንም መወልወል ይችላል። ጊዜ እንጂ ትዕግሥት አይጎድለውም።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት አለው፤ የቱ ዕቃ የት እንደሚቀመጥ ያውቃል»

በከፊል እውነት ነው፤ እርምት የሚፈልገውም ለዚህ ነው። በ2023 የፕሪንስተን፣ የስታንፎርድና የጉግል ተመራማሪዎች ታይዲቦት የተባለ ሮቦት አስተዋውቀዋል። ከሰውየው ጥቂት ምሳሌዎች ይሰጡታል፤ ለምሳሌ ነጫጭ ልብስ መሳቢያ ውስጥ፣ ጥቁሩ ቁም ሣጥን ውስጥ ይባላል። ከዚያ ተነሥቶ በቋንቋ ሞዴል (ከብዙ ጽሑፍ በተማረ የኮምፒውተር ፕሮግራም) እየታገዘ የሰውየውን ልማድ ይገምታል። በእውነተኛ ክፍል በተደረገው ሙከራ ከዕቃዎቹ 85 በመቶውን በትክክል አስቀምጧል።

85 በመቶ ጥሩ ውጤት ነው። አሁን ግን 20 ዕቃ የተበታተነበትን መታጠቢያ ቤት አስቡ፤ ሦስቱ ያለ ቦታቸው ይገባሉ ማለት ነው። ዋናው ጥያቄ የትኞቹ ሦስት የሚለው ነው። ፎጣ ቢሳሳት ማንም አይጎዳም። የአንዱ የጥርስ ብሩሽ ሌላው ሰው ብርጭቆ ውስጥ ከገባስ? የሐኪም መድኃኒት ከሕፃናት ቁመት በታች ቢቀመጥስ? ለዐይን የሚደረግ ሌንስ የተዘፈዘፈበት ትንሽ ዕቃ «ውኃ የቋጠረ ቆሻሻ» ተብሎ ቢደፋስ? ጠርሙሱ ባዶ ነው ወይስ ባለቤቱ ቀሪዋን ጠብታ ለማጠራቀም ገልብጦ ያቆመው ነው? መልሱ በዕቃው ላይ አልተጻፈም፤ ያለው በቤተሰቡ ልማድ ውስጥ ነው። ማስተካከል ከማጽዳት የሚከብደው በዚህ ነው። ቆሻሻ የማንም አይደለም፤ ዝርክርክ ዕቃ ግን ሁሉም ባለቤት አለው።

«ቪዲዮውን በዓይኔ አይቻለሁ»

ያየነው ምን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል። በጥር 2024 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሞባይል አሎሃ የተባለውን፣ 32,000 ዶላር ገደማ የፈጀ ባለ ሁለት ክንድ ሮቦት ይፋ አደረጉ። ለአንድ ሥራ 50 ያህል የሰው ማሳያ ሲሰጠው አንዳንድ ሥራዎችን በራሱ ይሠራል። በዓለም ዙሪያ የተሠራጩት አስደናቂ የቤት ሥራ ቪዲዮዎች ግን ብዙዎቹ ሰው ከኋላው ሆኖ የሚያንቀሳቅሰውን ነበር የሚያሳዩት። ተመራማሪዎቹ ይህን አልደበቁም፤ እንዲያውም ሮቦቱ ሲሳሳት የሚያሳይ ቪዲዮ አውጥተዋል። የሚያጋራው ሰው ነው ማብራሪያውን ቆርጦ የሚጥለው። በዚያው ወር ኢሎን መስክ የቴስላው ሰው መሰል ሮቦት ኦፕቲመስ ሸሚዝ ሲያጥፍ የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቁ፤ ሮቦቱ ይህን ገና በራሱ እንደማይችል ወዲያው በጽሑፍ አስከተሉ።

ስለዚህ ቪዲዮ ስታዩ ፍጥነቱ የተጨመረ መሆኑን፣ ክፍሉ ቀድሞ የተዘጋጀ መሆኑን፣ የሚያንቀሳቅሰው ማን መሆኑን ፈልጉ። ሦስቱም ብዙ ጊዜ በትንሽ ጽሑፍ ከጥግ ሰፍረው ይገኛሉ።

«የሚያስፈራው ጉልበቱ ነው»

ከባድ ማሽን እርጥብ ወለል ላይ ቢወድቅ ይጎዳል፤ ይህ ፍርሃት ተገቢ ነው። በመታጠቢያ ቤት ግን እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ዓይኑ ነው። በ2022 ይፋ በሆነ አንድ የጋዜጠኞች ምርመራ፣ በ2020 በሙከራ ላይ የነበሩ የሩምባ ሮቦቶች ያነሷቸው ፎቶግራፎች ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ደርሰው ተገኝተዋል። ከእነዚህ አንዱ መጸዳጃ ላይ የተቀመጠች ሴትን ያሳያል። አምራቹ አይሮቦት መሣሪያዎቹ ለሽያጭ ያልቀረቡ የሙከራ ሮቦቶች መሆናቸውንና ተሳታፊዎቹ ስምምነት መፈረማቸውን ገልጿል። ፎቶግራፎቹ ሮቦቱን ለማስተማር ምስል ወደሚለዩ ሠራተኞች ተልከው ነበር፤ የወጡትም ከዚያ ነው። የጠላፊ እጅ አልነበረበትም። የተለመደው አሠራር ራሱ ነው ያደረሳቸው።

ዋን ኤክስ የተባለው ኩባንያ በጥቅምት 2025 ኒዮ የተባለ ሰው መሰል የቤት ሮቦት በ20,000 ዶላር ቅድመ ሽያጭ ሲጀምር፣ ሮቦቱ የማያውቀውን ሥራ ከሩቅ ያለ የኩባንያው ባለሙያ በሮቦቱ ዓይን እያየ ሊያከናውንለት እንደሚችል በግልጽ ተናግሯል። ግልጽነቱ ያስመሰግናል። ሌላ ክፍል ቢሆን ብዙም አልከራከርም። ይህኛው ክፍል ግን መቀርቀሪያ ያለው በምክንያት ነው።

«የጽዳት ኬሚካሉን ስጡት፣ የቀረውን ያውቃል»

በረኪና አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ማጽጃ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ከአሞኒያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን። ሁለቱም ሳንባን ይጎዳሉ። ሰው አፍንጫውና ዓይኑ ሲቃጠል በሩን ከፍቶ ይሸሻል፤ የተለመደ የቤት ሮቦት አፍንጫ የለውም፣ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ሮቦት በሚሠራበት ቤት አንድ ዓይነት ኬሚካል ብቻ መስጠት ብልህነት ነው። ደግሞ ፍትሐዊ ለመሆን፣ ሮቦት ከእኛ የሚበልጥበት ነገርም እዚሁ አለ። ጀርም ገዳይ ፈሳሽ በመለያው ላይ የተጻፈውን ያህል ደቂቃ እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። እኛ ረጭተን ወዲያው እንጠርጋለን፤ ማሽን ግን ጠብቅ ከተባለ ይጠብቃል።

ስለ ውኃ አንድ አጭር ነገር፤ «ውኃ አይፈራም» የሚለው ማስታወቂያ ሁሉ እኩል አይደለም። አይፒኤክስ4 የሚለው የውኃ መቋቋም ደረጃ ማለት ከየትኛውም አቅጣጫ የሚረጭ ውኃን ይቋቋማል ማለት ነው። አይፒኤክስ7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ አይጎዳም ማለት ነው፤ በኃይል የሚወረወር የሻወር ውኃን ስለመቋቋሙ ግን ምንም አይልም።

«እንግዲያው ሮቦት መታጠቢያ ቤት አያጸዳም»

ያጸዳል፤ ዛሬም እያጸዳ ነው። ሶማቲክ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ለቢሮዎችና ለአውሮፕላን ማረፊያዎች መጸዳጃ የሚያጸዳ ባለ ክንድ ሮቦት ያሠማራል። ክፍሉ አስቀድሞ በኮምፒውተር አምሳያ ይሠራለታል፣ የሚረጭበትንና የሚጠርግበትን መንገድ ሰው ያሳየዋል፣ ከዚያ በኋላ ያንኑ ይደግማል። የሚሳካለት እዚያ የሚነሳ ፎጣ፣ የሚለይ የጥርስ ብሩሽ፣ የሚጠየቅ ባለቤት ስለሌለ ነው። ሁሉም ዕቃ ግድግዳ ላይ ተበይዷል፤ የቀረው መፈተግ ብቻ ነው። የቤትን መታጠቢያ በዚህ መንገድ ለሮቦት ማመቻቸት ይቻላል፤ ወለሉን ባዶ ማድረግ፣ ጠርሙሱን ከመደርደሪያው ላይ ማሳነስ፣ ፎጣውን መስቀያው ላይ መመለስ። ይህን ያደረገ ሰው ግን ሮቦቱን የገዛለትን ሥራ ግማሹን ራሱ ሠርቶታል።

«ሮቦቱ ራሱ ንጹሕ ነው»

ሆስፒታሎችና ሆቴሎች የመጸዳጃውን ጨርቅ ከእጅ መታጠቢያው ጨርቅ በቀለም ይለያሉ፤ ሥራውም ከንጹሑ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። አንድ እጅ ያለው ሮቦት መጸዳጃውን ጠርጎ ቧንቧውን ከያዘ ያደረገው ነገር ጀርም ማዛወር ነው። ጎማውም እንዲሁ፤ ከመጸዳጃው ሥር ወጥቶ ወደ መኝታ ቤት የሚያመራው ያው ጎማ ነው። ወለል ከሚወለውሉት ሮቦቶች አንዳንዶቹ ጨርቃቸውን ራሳቸው የሚያጥቡበት ማረፊያ አላቸው፤ በአብዛኞቹ ግን የቆሻሻው ውኃ ማጠራቀሚያ በየጥቂት ቀኑ በሰው እጅ መደፋትና መታጠብ አለበት፣ አለዚያ ይሸታል። የሚታጠበውም ያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው።