ቅኔ ቤትና ተቃርኖዎቹ

ቅኔ ቤት በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ውስጥ ተማሪው የግዕዝን ሰዋስው አጥንቶ በዚያው ቋንቋ ቅኔ መቁጠር (መድረስ) የሚማርበት ጉባኤ ነው። ብዙ ጊዜ ከንባብና ከዜማ በኋላ ይገባበታል፤ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ መሻገር የሚፈልግም ያለ እሱ ይቸገራል። ስለ ቅኔ ቤት የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ውዳሴ ነው። ውዳሴው ይገባዋል፤ ነገር ግን ተቋሙን ለዘመናት ያቆዩት እርስ በርሳቸው የማይስማሙ ነገሮች በውዳሴው መሐል ይሸፈናሉ።

መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የተማሪው ኑሮ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ ዱላ ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል። ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት ልጁ የሚማረውን አንድ መስመር አትረዳም፤ የልመና ፍርፋሪ የሚበላው ልጅ ግን በአገሩ ከፍተኛ ከሚባለው ዕውቀት ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ከደህና ቤት የወጣውም ይለምናል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ከወላጆቹ ጠፍቶ የመጣ ነው። ልመናው ከድህነት ብቻ የመጣ ሳይሆን የትምህርቱ አካል ሆኖ የኖረ ነው፤ ትዕቢትን ይሰብራል ተብሎ። ይሰብራል ወይ? እሱን ወደኋላ እናያለን።

የሥራው ቋንቋ ግዕዝ ነው። ግዕዝ በየትኛውም ቤት የእናት ቋንቋ መሆኑን ካቆመ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈዋል። ከቅኔ ተማሪ የሚጠበቀው ግን ጥንታዊውን ጽሑፍ መድገም ሳይሆን ትናንት ያልነበረ ነገር መናገር ነው። ግሱን፣ እርባታውንና አገባቡን ካጠና በኋላ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ጫካ ወይም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይቆጥራል። ከዚያ የኔታ ፊት ቀርቦ ይነግራል። የኔታ በቃሉ ሰምቶ በቃሉ ያርማል፦ እዚህ ጋ ቤት አልመታም፣ ይህ ግስ እንዲህ አይረባም፣ ሰሙ (ላይኛው ትርጉም) ወርቁን (የተሰወረውን ትርጉም) አልተሸከመውም። ትምህርቱ ሁለት ቤት (ስንኝ) ባለው የቅኔ ዓይነት፣ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። በዘአምላኪየ፣ በሚበዝኁ፣ በዋዜማ፣ በሥላሴና በዘይእዜ አልፎ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። መወድስ የሞላ ተማሪ በእኩዮቹ ዘንድ ሰው ሆነ ማለት ነው።

ከሁሉም ተቃርኖ እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ ነው፤ ወግ አጥባቂ በምትባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅኔ አዲስ መሆን አለበት። ቅዳሴው ያው ቅዳሴ ነው፣ ዜማው በምልክት የታሰረ ነው፣ ቅኔው ግን ትናንት የተባለው ዛሬ አይደገምም። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ሰው ከተነቃበት ውርደቱ ቀላል አይደለም። በበዓል ቀን ባለቅኔው ይሰጣል፣ ተቀባዩ በዜማ ያሰማል፣ ሊቃውንቱ «ይበል! ይበል!» ይላሉ፣ ሕዝቡ ምን እንደተባለ ሳይገባው በሊቃውንቱ ፊት ላይ ያለውን ደስታ አይቶ ይደሰታል። ከዚያ አብዛኛው ቅኔ በዚያው ይቀራል። የሰማ ሰው በልቡ ይዞት ካልሄደ በቀር ጠፍቷል። ከብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እስከ መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ያሉ ሰዎች ሰብስበው ያሳተሙት ባይኖር ዛሬ የምናውቀው ከዚህም ያነሰ ይሆን ነበር።

አጀማመሩ ላይም ስምምነት የለም። አንዱ ወገን ወደ 6ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ቅዱስ ያሬድ ይወስደዋል፤ ሌላው ከእሱ በኋላ የመጡትን ሊቃውንት፣ ዮሐንስ ገብላዊንና ተዋነይን ይጠራል። በጎጃም ዋሸራና ጎንጅ፣ በወሎ ዋድላ የታወቁ ቤቶች ናቸው፤ የየቤቱ ልጅ የራሱን መንገድ ሲያሞግስ የሌላውን መንካቱ አይቀርም።

ወደ ሰምና ወርቅ እንምጣ። ስሙ የመጣው ከአንጥረኛ ሥራ ነው፤ በሰም ቅርጽ ተሠርቶ በጭቃ ይሸፈናል፣ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ ቦታውን ይይዛል። በአማርኛ ብዙ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ ይህ ነው፦

እፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

አዳም ሰም ነው፣ ከንፈርሽ ወርቁ፤ መድኃኔ ዓለም ሰም ነው፣ ልቤ ወርቁ። «ተሰቀለ» ለሁለቱም ያገለግላል፤ ለመስቀሉም፣ በፍቅር ለተንጠለጠለው ልብም። አሁን አቅጣጫውን እንመልከት። በቤተ መቅደስ በሚሰጠው የግዕዝ ቅኔ ባለቅኔው አብዛኛውን ጊዜ ሰሙን ከእርሻ፣ ከአደን፣ ከጋብቻ ወይም ከጦር ሜዳ ያነሳና ወርቁን ለጌታ ወይም ለበዓሉ ቅዱስ ያደርጋል። ምድራዊው ቅርፊት፣ ሰማያዊው ፍሬ ነው። ከላይ ባለው ስንኝ ግን ወንጌሉ ቅርፊት ሆኖ ፍሬው የአንዲት ሴት ከንፈር ነው። ያው መሣሪያ፣ ያው ትምህርት፣ ተገልብጦ። ይህን ስንኝ ቄስ ፊት ብትለው ይስቃል እንጂ አይቆጣም፤ ቢያንስ እኔ የማውቃቸው ስቀዋል።

የትዕቢቱን ጥያቄ አልረሳሁም። በልመና የተሰበረው ተማሪ በቅኔ ይታበያል። ጉባኤው ውስጥ ከሁሉ የሚፈራው ማጣት ሳይሆን በጓደኛ መበለጥ ነው። ባለቅኔ በምስጋና መልክ ሹሙን ሊሸነቁጥ፣ ባልንጀራውን ሊነቅፍ ይችላል፤ ውስጠ ወይራ የሚባለው፣ ዋናውን ትርጉም ከውስጥ የሚሰውረው መንገድ ለዚህ ምቹ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩት አለቃ ገብረ ሃና በሊቅነታቸው የተከበሩትን ያህል በቀልዳቸው ይታወቁ ነበር፤ ዛሬ ግን ስማቸው የሚነሣው ከአቋቋማቸው (በመቋሚያና በከበሮ ከሚቀርበው የማኅሌት ሥርዓት ዕውቀታቸው) ይልቅ በቀልዱ ነው። ደብተራም፣ የማኅሌቱ አገልጋይ፣ እንዲሁ ነው። ማኅሌት ላይ ያለ እሱ አይሆንም፤ በመንደር ግን በአስማትና በክታብ ይጠረጠራል፣ ቤተ ክርስቲያንም ይህን ሥራ ታወግዛለች። ሕዝቡ ሁለቱንም ያውቃል፤ እሑድ ያከብረዋል፣ ሰኞ ይፈራዋል።

በሌላ በኩል እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ አሉ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ጎጃም ውስጥ ጉባኤ ዘርግተው ወንዶችን አስተማሩ። ሴት በማኅሌት ቆማ ቅኔ በማትሰጥበት ሥርዓት፣ ወንዶቹ እዚያ ቆመው የሚሰጡትን ቅኔ ያረመችላቸው ሴት ነበረች። የቅኔ ትምህርት በቃል መሆኑ ማየት የማይችልን ሰው አላገደም፤ ሴትነታቸውንም ዕውቀታቸው ሸፈነው። ከመምህራኑ መካከል ግን እንደ እሳቸው ያለች ሌላ ሴት መጥቀስ ለብዙ ሰው አስቸጋሪ ነው። ይህን «ቅኔ ቤት ለሴት ክፍት ነበር» ለማለት ማስረጃ አድርጎ ማቅረብ ተገቢ አይመስለኝም።

የዘመናዊ ሥነ ጽሑፋችን ባለቤቶችም ከዚሁ ቤት የወጡ አሉበት። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ የቅኔ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ መድረክ መጡ። ሐዲስ ዓለማየሁ ጎጃም ውስጥ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት አደጉ፤ ያደጉበትን ሥርዓትም በልቦለዳቸው ክፉኛ ተቹ። መንግሥቱ ለማ ለንደን ተምረው የተመለሱ የሳቅ ተውኔት ጸሐፊ ናቸው፤ የቅኔ መምህር የነበሩትን አባታቸውን አለቃ ለማን እየጠየቁ ያሰናዱት የትዝታ መጽሐፍ ስለ ተማሪዎች ሕይወት ካለን ሁሉ ጥሩው ምንጭ ነው።

ከውጭ የመጣው አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዶናልድ ሌቪን በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ሰምና ወርቅን የአማራ አስተሳሰብ ቁልፍ አደረገው። ድብቅ ንግግር ለቀልድ፣ ለስድብ፣ ራስን ለመሰወርና ኃይለኛን ለመተቸት ይጠቅማል አለ። ሕግ፣ ሳይንስና ቢሮ የሚፈልጉት ግን አንድ ቃል አንድ ትርጉም ነውና፣ ይህ ልማድ ለዘመናዊነት እንቅፋት ይሆናል ሲል ደመደመ። በ1985 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ ነገሩን ገለበጠው። በዚያ መጽሐፍ በሽተኛው ከአሻሚ ቃል የሚሸሸው የምዕራቡ ዘመናዊ አስተሳሰብ ነው፤ ቀድሞ እንቅፋት ያለውን የአማርኛ አነጋገር አሁን ሊማሩበት እንደሚገባ ነገር አቀረበው።