በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፦ የትኛው ቁና?

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከደብረ ብርሃን ወደ መንዝ በሚኒባስ ስጓዝ፣ ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት በድንበር ስለተጣላው የአጎቱ ልጅ በስልክ እያወራ «በሰፈረው ቁና እሰፍርለታለሁ፤ ያውም እጥፍ አድርጌ!» ብሎ ሲዝት ሰማሁ። የጠባቸውን ምክንያት አላውቅምና በዚያ ላይ አልፈርድም። ምሳሌው ግን አሳዘነኝ፤ «በሰፈረው ቁና» ያለ ሰው በዚያው አፉ «እጥፍ» ሊል አይገባውም ነበር።

ቁና እህል መስፈሪያ መሆኑን ማንም ያውቃል። ስሙ ግን በዕቃው ላይ ብቻ አልቀረም። በዕቃው የሚሰፈረው መጠንም ቁና ይባላል፤ 20 ቁና አንድ ዳውላ ይሆናል። መሬትም በዘሩ ሲለካ «ይህ ማሳ ስንት ቁና ያስዘራል?» ተብሎ ይጠየቃል። ከሁሉ የሚገርመኝ ትንፋሽም በቁና መሰፈሩ ነው፤ ዳገት ወጥቶ የደከመውን ሰው «ቁና ቁና ይተነፍሳል» እንለዋለን። ይህ አባባል ከአውድማ የመጣ ይመስለኛል። «ሁለት ሁለት ውሰዱ» ስንል ለእያንዳንዱ ሁለት ማለታችን እንደሆነ ሁሉ፣ «ቁና ቁና» ማለትም እያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ ሙሉ ቁና ነው ማለት ይሆናል። ከምርቱ ክምር ሥር ተንበርክኮ ቁናውን ሲሞላና ሲገለብጥ የሚውለውን ሰው ያየ፣ ደረቱ ከቁናው ጋር እኩል ሲሞላና ሲጎድል ማየቱ አይቀርም፤ አባባሉን የፈጠረውም እንዲህ ያለ ሰው ነው ብዬ አምናለሁ።

የአያቴ ቁና በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ ነበር። ከብዛት አገልግሎት የተነሣ አፉ ስለተላላጠ ዙሪያውን በቆዳ ለብጣው ነበር፤ ባዶውን እንኳ ሲያሸቱት የገብስ ሽታ ነበረው። የበልጉ ዝናብ በቀረበት አንድ ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ጎረቤታችን ለመኸር የሚሆን የገብስ ዘር ልትበደር መጣች። አያቴ ከጎተራው አጠገብ ተንበርክካ ቁናውን ሞላች፤ ሁለት ጊዜ ነቀነቀችው፤ እህሉ ሲረጋ የጎደለውን በእፍኟ እየጨመረች፣ ገብሱ በቆዳው ጠርዝ ላይ ተንኮባልሎ እስኪፈስ ድረስ ቆለለችው። አፉን በእጇ አልጠረገችውም። እንዲህ እያደረገች አምስት ቁና ሰፈረችላት።

ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ተወቅቶ ሲያበቃ ጎረቤታችን ተመልሳ መጣች። እህል ግን አልያዘችም፤ ቁናውን ልትጠይቅ ነበር የመጣችው። ነገሩ ግራ ገብቶኝ «እትዬ የራሷ ቁና የላትም እንዴ?» ብዬ አያቴን ጠየቅኋት። «አላት፣ ልጄ። የእሷ ግን የእሷ ነው። በዚህ ወስዳለች፤ በዚህ ትመልሳለች» አለችኝ። ባዶውን ቁና ተሸክሜ ወደ አውድማው የሄድሁት እኔ ነበርሁ። እዚያም ጎረቤታችን ተንበርክካ ስትሞላ፣ ሁለት ጊዜ ስትነቀንቅ፣ ከዚያም በእፍኟ ስትቆልል አየሁ፤ ልክ አያቴ እንዳደረገችው።

የምሳሌው ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው እላለሁ። ኩንታል በየትም ቦታ 100 ኪሎ ነው፤ በእጅ የሚሰፋ ቁና ግን እንደ ሰፊዋ እጅ ይሰፋል፣ ይጠብባል፤ የሁለት ቤት ቁና እኩል የሚሆነው በአጋጣሚ ብቻ ነው። ስለዚህ ምሳሌው ዝም ብሎ «ቁና» አላለም፤ «በሰፈሩት ቁና» አለ፤ ማለትም በዚያው፣ በራሱ። በጠባብ ቁና ያበደረ ባለጸጋ በመከር ጊዜ ሰፊውን ይዞ እንዳይመጣ፣ ቆልሎ የሰጠም ደግ ሰው ተጠርጎ እንዳይመለስለት፣ ሁለቱንም የሚጠብቅ የአበዳሪና የተበዳሪ ሕግ ነበር። ቂመኛ ያወጣው ቃል አይመስለኝም።

ምሳሌው ከወንጌል የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ፤ ዝምድናውም አይካድም። በማቴዎስ 7፡2 ላይ «ይሰፈርባችኋል» ይላል፤ በሉቃስ 6፡38 ላይ ግን ስለ መስጠት ሲናገር «ይሰፈርላችኋል» ይላል። አንዱ በ«ባ»፣ ሌላው በ«ላ»። እኔ ግን ገበሬው ይህን ከመጽሐፍ ከመስማቱ በፊት በአውድማው ያውቀው ነበር፣ ወንጌሉም በልቡ የቀለለው ቁናውን ስለሚያውቅ ነው ብዬ አስባለሁ። ምሳሌያችን «መሰፈር አይቀርም» ብሎ የተወው «ላ»ንም «ባ»ንም እንዲይዝ ነው። የመንዝ ሽማግሌዎች ለቅሶ ደራሽ የነበረ ሰው በራሱ ሐዘን ቀን ቤቱ በሰው ሲሞላለት አይተው ይህንኑ ምሳሌ ለምስጋና ሲናገሩት ሰምቻለሁ።

ዛሬ ግን «ላ» ተረስቶ «ባ» ብቻ ቀርቷል። ምሳሌው በየቦታው የሚጠራው ሰው ሲታሰር፣ ሲከስር፣ ከሥልጣን ሲወርድ ነው፤ ከሚናገሩትም ብዙዎቹ እንደዚያ ወጣት ሰፋሪው ራሳቸው ለመሆን የቆረጡ ናቸው። በአያቴ ደጅ ይህ ቢሆን ኖሮ በሰው ቁና ተበድሮ በራስ ቁና እንደ መመለስ ይቆጠር ነበር። እጥፍ አድርጎ መመለስ ያማረው ሰው «አሳየዋለሁ» ይበል፤ ለዛቻ የሚሆን ቃል አማርኛ አላጣም። ቁናውን ግን ለቀቅ ያድርገው።