የሚሞቅ ቧንቧ ምንድን ነው?

«ቱርካና በረሃ ነው፤ ያ ሁሉ ፀሐይ እያለ ማሞቂያ ምን ያደርጋል?» በሰሜን ኬንያ ቱርካና ካለው ሎኪቻር እስከ ላሙ ወደብ፣ ማሞቂያ ተገጥሞለት ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ሊዘረጋ ታቅዶ በእንጥልጥል ስለቀረው የኬንያ ድፍድፍ ነዳጅ ቧንቧ ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህን የሚል ሰው አይጠፋም። ቧንቧ ይቀበራል፤ አንድ ሜትር ከመሬት በታች ፀሐይ የለም። የቱርካና ድፍድፍ ደግሞ ሰም ስለሚበዛበት እኛን በሚሞቀን አየር እንኳ ይረጋል። እ.ኤ.አ. በ2018 በመኪና ወደ ሞምባሳ መጓጓዝ ሲጀምር ሙቀት በሚጠብቁ ታንኮች የተጫነው ለዚህ ነው።

«ማሞቂያው ድፍድፉን ለማቅጠን ነው» የሚሉም አሉ። በሙሉ ፍሰት የሚሄድ ድፍድፍ ከነሙቀቱ ነው የሚጓዘው፤ ሙቀት የሚይዘው የቧንቧው ልባስ ደህና ከሆነ ብዙ አያስቸግርም። ጣጣው ፓምፕ ሲቆም ነው፤ ያኔ ድፍድፉ ቀዝቅዞ ይረጋል።

በጠርሙስ የረጋ ቅቤ አስቡ። ባለ 18 ኢንች ቧንቧ ውስጥ የረጋው ድፍድፍ 50 ፓስካል ብቻ ቢያንገራግር (ፓስካል ትንሽ የግፊት መለኪያ ነው፤ መቶ ሺሁ አንድ ባር ይሆናል)፣ 100 ኪሎ ሜትሩን ለማስነሳት ከ430 ባር በላይ ግፊት ይጠይቃል። ቧንቧው የሚችለው ግን 100 ባር ገደማ ነው። (ስሌቱ ሁሉም በአንድ ጊዜ እንደሚነቃነቅ ያስባል። በተግባር ከፓምፑ በኩል እየተሰበረ ስለሚሄድ ያነሰ ይበቃል፤ ጊዜ ግን ይፈጃል።) ጠርሙሱን መሃሉ ላይ ብታሞቁትስ? የቀለጠው ቅቤ ያብጣል፣ ከላይም ከታችም የረጋው ይዘጋበታል፣ ጠርሙሱ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የረጋ መስመር ከክፍት ጫፉ ጀምሮ በየክፍሉ ይሞቃል፤ ቧንቧውን ተከትሎ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ኬብልም ተከፋፍሎ የሚዘረጋው ለዚሁ ነው።

መርጋትን የሚያዘገይ ኬሚካል አለ፤ ግን ሰሙ ሳይታይ፣ ድፍድፉ ትኩስ እያለ ካልገባ ዋጋ የለውም። የአንዱ ጉድጓድ መጠን ለሌላው አይሠራም፤ በየድፍድፉ መሞከር አለበት።

«በትንሽ ምርት ይጀምሩ፣ ቀስ ብሎ ያድጋል» የሚለው ምክር ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ፍሰቱ በግማሽ ሲቀንስ ጉዞው እጥፍ ጊዜ ይወስዳል፣ ድፍድፉም መንገድ ላይ ይበልጥ ይቀዘቅዛል። ነዳጇ በዚሁ በላሙ ቧንቧ ሊሄድ ታስቦ የነበረው ዩጋንዳ እ.ኤ.አ. በ2016 በታንዛኒያ ታንጋ በኩል የሚያልፈውን መስመር ስትመርጥ የላሙው ቧንቧ ያጣው የወጪ ተጋሪ ብቻ አይደለም፤ ቧንቧውን ሞልቶ ሙቀቱን የሚጠብቅለትን ፍሰትም ጭምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የቱርካናውን ነዳጅ ከያዙት ሦስት ሸሪክ ኩባንያዎች ሁለቱ ለቀው ወጡ።